«አቅማቸው የተሻለ» ተብሎ ስለተጻፈብን፦ ከባንፍ ለእድራችን ሥራ አስፈጻሚ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የእድራችን ሰብሳቢ፣
ለተከበራችሁ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባላት፣
በካልጋሪ ለምትኖሩ የእድራችን አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

እኛ በካናዳ አልበርታ ክፍለ ሀገር፣ ከካልጋሪ በስተ ምዕራብ ተራራው መካከል ባሉት የቱሪስት ስፍራዎች በባንፍ፣ በካንሞርና በሌክ ሉዊዝ የምንኖር አሥራ ዘጠኝ የእድሩ አባላት ነን። የምንሠራው በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በጽዳት ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን በመጋቢት ወር በተካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ የተላለፈብን ውሳኔ ነው። በውሳኔው የእኛ ወርሃዊ መዋጮ ከ20 ዶላር ወደ 35 ዶላር ከፍ ሲል የካልጋሪ አባላት መዋጮ በ20 ቀጥሏል። ለርቀታችን ታስቦ ያለ ቅጣት መቅረት ተፈቅዶልን የነበረው ተሽሮ፣ ከለቅሶ ወይም ከስብሰባ ለቀረንበት ቀን ሁሉ 60 ዶላር እንድንቀጣ ተወስኗል። ጉባኤው የተጠራው ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ እኛ ዘንድ ሆቴሉ የሚሞላበት ቀን ስለሆነ ከመካከላችን አንድም ሰው አልተገኘም፤ ስለ እኛ የተወሰነው እኛ አንሶላ ስንቀይር ነው።

በሚያዝያ በደብዳቤ ጠየቅን፣ መልስ አላገኘንም። በግንቦት ስንደውል «ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል» ተባልን። የተፈረመ ነገር የማይታረም ከሆነ እንዲህ በአደባባይ ከመጻፍ ሌላ መንገድ አልቀረልንም።

ያቆሰለን አሥራ አምስቱ ዶላር ብቻ አይደለም። ቃለ ጉባኤው ላይ ለውሳኔው ምክንያት ተደርጎ የሰፈረች አንዲት መስመር አለች፦ «በመዝናኛ ስፍራ የሚኖሩ አባላት አቅማቸው የተሻለ በመሆኑ»። ይህችን መስመር ነገ ልጆቻችሁ ቢያነቧት እኛን ሐይቅ ዳር ወንበር ዘርግተን የምንውል ሰዎች አድርገው ይስሉናል።

ጥፋቱ በከፊል የራሳችን መሆኑን አልክድም። ወደ አገር ቤትም ሆነ ወደ ካልጋሪ የምንልከው ፎቶግራፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ከኋላ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከፊት ሰማያዊ ውኃ፣ መካከል ላይ የተበደረውን ጃኬት የለበሰ ሰው። እኔ ራሴ ወደዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ወር ሞሬይን ሐይቅ ዳር ቆሜ የተነሣሁትን ለወንድሜ ልኬ፣ እስከ ዛሬ ገንዘብ ቸገረኝ ባልኩ ቁጥር ያንኑ ፎቶ መልሶ ይልክልኛል። ያ ሐይቅ በ1969 እና በ1979 እ.ኤ.አ. በወጡት የካናዳ የ20 ዶላር ኖቶች ጀርባ ላይ ታትሞ ነበር። ስለዚህ «ባንፍ ገንዘብ አለ» ማለታችሁ ስሕተት አይደለም። ገንዘቡ ላይ ያለው ግን ሐይቁ ነው እንጂ እኛ አይደለንም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ከቤት እጀምራለሁ፤ የእኛ ችግር ሁሉ የሚጀምረው ከቤት ነውና።

ባንፍ ከተማ ብትባልም እንደ ካልጋሪ አይደለችም። በ1885 እ.ኤ.አ. በተጀመረ ብሔራዊ ፓርክ መካከል የተቀመጠች፣ ራሷን ማስተዳደር የጀመረችው በ1990 የሆነ፣ ስፋቷ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ቦታ ናት። መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ቤት የገዛ ሰው እንኳ መሬቱን የሚይዘው በሊዝ ነው። ዙሪያዋን ፓርክ ስለከበባት ወደ ጎን አትሰፋም። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ 8,300 ገደማ ነበር፤ ፓርኩን በዓመት የሚጎበኘው ሰው ደግሞ ከ4 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህን ሁሉ እንግዳ የሚያስተናግደው ሠራተኛ የሚያድረው በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው፤ አለዚያም በየቀኑ ከፓርኩ ውጭ ይመላለሳል።

በዚያ ላይ እዚያ ለመኖር ምክንያት ያስፈልጋል። ሕጉ ነዋሪ የሚለው በዋናነት ሥራው በፓርኩ ውስጥ የሆነውን ሰው፣ እዚያ መገኘቱን የሚጠይቅ ንግድ ያለውን፣ የእነዚህን ቤተሰብ፣ እንዲሁም ጡረታ ከመውጣቱ በፊት አምስት ዓመት በተከታታይ በፓርኩ የሠራውን እና የመሳሰሉትን ነው። እውነቱን ለመናገር ሕጉን አልጠላውም። ይህ ሕግ ባይኖር ኖሮ ባንፍ ያለው ቤት ሁሉ በዓመት ሁለት ሳምንት ብቻ መብራት የሚበራበት የሀብታም ማረፊያ ይሆን ነበር። እንዲህ ያለው ሕግ የሌላት ከፓርኩ በር ውጭ ያለችው ካንሞር ምን እንደ ሆነች እያየን ነው። ነገር ግን ሕጉ ለእኛ ሌላ ፊትም አለው፦ ሥራህን ስታጣ ጣራህም አብሮ ይናወጣል። ካልጋሪ ከሥራ የወጣ ሰው በዚያው ቤቱ ተቀምጦ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። እዚህ ግን ከሥራ መውጣትና ሻንጣ ማሰር የአንድ ሳምንት ጉዳይ ሊሆኑ ይችላሉ።

አንዲት እኅታችን ባለፈው ጥቅምት የሆነችውን ልንገራችሁ። አራት ዓመት አልጋ ስታነጥፍ ቆይታ ጉልበቷን አመማት። የዕረፍት ወረቀት ከሐኪም አመጣች። ወቅቱ እንግዳ የሚቀንስበት ስለነበር «በታኅሣሥ እንጠራሻለን» ተብላ ተሰናበተች፤ የምትኖረው በሠራተኛ ማደሪያ ውስጥ ስለነበረም ክፍሉን እንድትለቅ ተነገራት። ሁለት ሻንጣና አንድ የቡና ረከቦት ይዛ ካንሞር እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ አምስት ሳምንት ተኛች። በዚያው ጊዜ ውስጥ ከእድሩ የደረሳት ብቸኛ መልእክት የሁለት ወር መዋጮ ውዝፍ እንዳለባት የሚያስታውስ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ2018 ቲኑ የተባሉት 131 ቤቶች ሲከፈቱ ከእኛም ዕድለኛ የሆነ አንድ ቤተሰብ ገብቷል። የቀረነው ግን ተራ እየጠበቅን ነው። ተራ ጠባቂ ደግሞ ሁለት ምርጫ አለው፦ የአሠሪው ማደሪያ ወይም ካንሞር።

ብዙዎቻችሁ «ሆቴሉ ቤት ይሰጣችኋል አይደል» ትሉናላችሁ። ይሰጣል፤ ግን ከደመወዝ ይቆርጣል። የአልበርታ ሕግ አሠሪው በማደሪያ ምክንያት የሠራተኛውን ደመወዝ ከዝቅተኛው የክፍያ ወለል በታች ማውረድ የሚችለው በቀን በ4 ዶላር ከ41 ሳንቲም ብቻ እንዲሆን አድርጓል። ዝቅተኛው ክፍያ ከጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰዓት 15 ዶላር ነው። እኛ በሰዓት 17 ወይም 18 ስለሚከፈለን ከወለሉ በላይ ያለችው ያቺ ትርፍ ለማደሪያ ሒሳብ ክፍት ናት። ጭማሪ ስናገኝ ለምን እንደማንደሰት አሁን ሳይገባችሁ አይቀርም። የሚሰጠውም ቤት ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ነው፤ አንዱ አልጋ የአንተ፣ ሌላው ሌሊት የሚሠራ፣ ቀን የሚያንኮራፋ፣ ከሌላ አገር የመጣ መልካም ሰው።

ቤተሰብ ያለው ማደሪያ ውስጥ መኖር ስለማይፈቀድለት ይከራያል። የራሴን ላውጣ፤ የሰው ደመወዝ ከምቆጥር የራሴን ብቆጥር ይሻላል። ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ካንሞር ውስጥ በምድር ቤት ባለ አንድ መኝታ ቤት እኖራለሁ፤ ኪራዩ 1,950 ዶላር ነው። የአልበርታ ሕግ አከራይ በ365 ቀናት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ኪራይ እንዳይጨምር ይከለክላል፤ ስንት እንደሚጨምር ግን ጣሪያ አላስቀመጠም። የእኛ አከራይ ሕግ አክባሪ ሰው ናቸው፤ 365 ቀን በትዕግሥት ጠብቀው 350 ዶላር በአንድ ጊዜ ጨመሩ። በሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል በሰዓት 18 ዶላር ይከፈለኛል። በሐምሌና በነሐሴ ሰዓቴ ሙሉ ስለሚሆን ግብርና ሌላው ሁሉ ተቆርጦ በወር 2,600 ዶላር ገደማ እጄ ላይ ይገባል። ከኪራይ በኋላ 650 ይቀራል። ከዚያ ውስጥ ምግብ፣ ስልክ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ ቤንዚን፣ የልጅ ጫማ፣ ለእናቴ መድኃኒት የምልከው። ባለቤቴ በሳምንት ሦስት ቀን ትሠራለች፤ ከሦስት ቀን በላይ ብትሠራ የሕፃን መዋያው ክፍያ ጭማሪውን ይበላዋል።

ይህ ግን ደጉ ወር ነው። ኅዳር ሲገባ የበጋው እንግዳ ሄዷል፣ የበረዶ መንሸራተቻው እንግዳ ገና አልመጣም። ሚያዝያና ግንቦትም እንዲሁ ናቸው። ባለፈው ኅዳር በሁለት ሳምንት 48 ሰዓት ብቻ ተሰጠኝ፤ በወሩ መጨረሻ እጄ የገባው 1,650 ዶላር ነበር። ከኪራዩ 300 ያነሰ ማለት ነው። ምግቡን ገና አልቆጠርኩም።

የኑሮ ክፍያ የሚባለውን ሒሳብ የሚሠሩ አካላት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት ካንሞር ውስጥ ለመኖር በሰዓት 38 ዶላር ከ80 ሳንቲም ያስፈልግ ነበር፤ በአልበርታ ከተሰላላቸው ከተሞች ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነበር። ካልጋሪ 23 ዶላር ከ70 ሳንቲም ነበር። እንግዲህ ሁላችንም ያው ሆቴል፣ ያው ጽዳት፣ ያው ወጥ ቤት ነው የምንሠራው። የእኛ ደመወዝ ከእናንተ በአንድ ወይም በሁለት ዶላር ቢበልጥ፣ የኑሮው ልዩነት በዚያ ስሌት በሰዓት አሥራ አምስት ዶላር ነበር። በአጋጣሚ መዋጯችን ላይ የተጨመረውም አሥራ አምስት ዶላር ነው።

«ጉርሻ ታገኛላችሁ» የሚለው ክርክር በጉባኤው ላይ ብዙ ጊዜ እንደ ወሰደ ሰምተናል። ጉርሻ የሚያገኝ አለ። አስተናጋጅ ያገኛል፤ ከአሥራ ዘጠኛችን አስተናጋጆቹ ሦስት ናቸው። እኔ የማጥበውን አንሶላ የተኛበት እንግዳ እኔን አያውቀኝም። ሳህን አጣቢውን ማንም አያየውም። አልጋ አንጣፊዋ አልፎ አልፎ ትራስ ላይ አምስት ዶላር ታገኛለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው በግማሽ የቀረ የሻምፖ ጠርሙስና እርጥብ ፎጣ ነው። ጉርሻ በእኛ ባህል አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ነበር፤ የእኛ ግን በወሬ አልፎ ካልጋሪ ደረሰ።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ የሸቀጥ ዋጋ ለሁሉም ወጥቷል። አልበርታ ውስጥ የክፍለ ሀገር የሽያጭ ግብር አለመኖሩም ለእኛም ለእናንተም እኩል ነው። የጤፍ ዱቄትና በርበሬ ለመግዛት ግን ደርሶ መልስ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ እንነዳለን፤ ስለዚህ ወር በወር ተራ ገብተን አንድ ሰው ለሁሉም ይገዛል። እንጀራ ለመጋገርም ሌላ ጣጣ አለ። ማደሪያው ውስጥ ምጣድ በተሰካ ቁጥር የኮሪደሩ መብራት በሙሉ ስለሚጠፋ ምጣድ በማስታወቂያ ተከልክሏል። ማስታወቂያው ላይ ምጣድን የሚያውቅ ስለጠፋ «ትልቁ ክብ ማሽን» ብለው ነው የጻፉት።

ቀጥሎ ያለው ቅጣቱ ነው፤ ከመዋጮው ይልቅ የሚጎዳን እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት የተጠራንባቸውን ቀኖች ቆጥሬአለሁ። ሰባት ለቅሶ፣ አራት ስብሰባ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ቅዳሜና እሑድ ላይ ውለዋል። በአዲሱ ደንብ ዘጠኙንም የቀረ ሰው 540 ዶላር ይቀጣል፤ በዓመት ከሚያዋጣው ከ420 ዶላሩ ይበልጣል። ልምጣ ቢልስ? የስምንት ሰዓት ፈረቃ ሲቀር 144 ዶላር ይቀርበታል፤ ቤንዚን ይጨምራል። ከሁሉ የከፋው ግን ገንዘቡ አይደለም። ቅዳሜ የሚቀር ሠራተኛ ኅዳር ላይ ሰዓት ሲቀነስ ስሙ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ይገኛል። ስለዚህ አንድ አባል ቅዳሜ ቀብር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ለሟቹ ይሁን ለኅዳር ኪራዩ መለየት ያስቸግራል።

መንገዱም አለ። ባንፍ ከካልጋሪ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሌክ ሉዊዝ ላሉት ወደ 180 ይጠጋል። በጥር ወር ሌሊት ፈረቃ ጨርሶ በበረዶ ላይ መንዳት ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ባለፈው ክረምት ሁለት አባሎቻችን ከለቅሶ ሲመለሱ መኪናቸው ተንሸራትቶ ከመንገድ ወጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልተጎዱም፣ የመኪናው ማንሻ ግን 400 ዶላር አስከፈላቸው። በፓርኩ ውስጥ በትራንስ ካናዳ አውራ ጎዳና ስታልፉ ከራሳችሁ በላይ ዛፍ የበቀለባቸው ድልድዮች አይታችሁ ይሆናል። ድቡና አጋዘኑ ሳይገጩ እንዲሻገሩ የተሠሩ ናቸው። ለድቡ ሩቅነቱና አደጋው ታስቦለት ድልድይ ተሠራለት፤ ለእኛ ቅጣት ተሠራልን።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር።

በጥር ወር ከመካከላችን የአንዲት እኅት እናት አገር ቤት ዐረፉ። መርዶውን ያረዳናት እኛ ነን፤ ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ለሥራ ከመውጣቷ በፊት። እድራችን በደንቡ መሠረት ሦስት ቀን ምግብ ማቅረብ፣ ሐዘንተኛ ማስተዛዘንና የተወሰነውን ገንዘብ በሳምንት ውስጥ መስጠት ነበረበት። የምትኖረው በሠራተኛ ማደሪያ ነው። ማደሪያው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንግዳ አያስገባም፣ የፀጥታ ሰዓት አለው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የሚችለው ሰው የተወሰነ ነው። በመጀመሪያው ምሽት አሥራ አራት ሰው ሆነን ስንቀመጥ ጥበቃው መጣ፤ ሰውየው አልከፋም፣ «አዝናለሁ፣ ደንብ ነው» ብሎ ግማሾቻችንን አስወጣ። ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ነበር። የወጣነው መኪና ማቆሚያው ላይ ሞተር አስነሥተን በየተራ እየገባን አለቀስን። አራት ሰው ሲወጣ አራት ይገባል። ጮኾ ማልቀስ ስለማይቻል አፏን በፎጣ ይዛ ነው ያለቀሰችው፤ ፎጣው የሆቴሉ ነበር፣ በማግስቱ እኔ አጠብኩት።

በሁለተኛው ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠየቀች፤ የተሰጣት ክፍያ የሌለው ሁለት ቀን ነው። ንፍሮውን የቀቀልነው ካንሞር ነው። ምግቡን በየቤታችን ሠርተን በአውቶቡስ ጭምር አደረስን። የእድሩ ተወካዮች የመጡት በዘጠነኛው ቀን ነው። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አርባ ደቂቃ ተቀምጠው «መንገዱ ሩቅ ስለሆነ» ብለው ይቅርታ ጠይቀው ተመለሱ። ገንዘቡ በየካቲት አጋማሽ ደረሰ። የመጡትን ሰዎች አንወቅስም፤ የራሳቸውን ቀን ሠውተው ነው የመጡት፤ ሐዘንተኛዋም አመስግናቸዋለች። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለን፦ መንገዱ እናንተ ስትመጡ ሩቅ፣ እኛ ስንቀር ቅርብ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ሌላም አለ፤ ባጭሩ ልለፈው። አዲስ ለሚመጡ ወጣቶች «ባንፍ ሂዱ፣ ቤት በነፃ ነው፣ ገንዘብ ይቀራል» እየተባለ በእድሩ ስብሰባዎች ላይ ይነገራል። ባለፈው ሰኔ ሁለት ልጆች ይህንኑ ሰምተው በአንድ ቦርሳ መጡ። ሥራው ተገኘ፤ ሠራተኛ ማደሪያው ሞልቶ ስለነበር አልጋ አልተገኘም። አንደኛው ሦስት ሳምንት በጓደኛው መኪና ውስጥ አደረ፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መኪና ውስጥ ማደር ስለማይፈቀድ በየሌሊቱ ቦታ ይቀይር ነበር። ሥራ ያለውና ቤት የሌለው ሰው ካልጋሪ ላይ ግራ ያጋባ ይሆናል፤ እዚህ የተለመደ ነው። ከሌላ አገር በአንድ አሠሪ ስም ብቻ በታሰረ የሥራ ፈቃድ የመጡ ባልደረቦቻችንን ደግሞ እናያለን፤ አሠሪያቸውን እንደ ልብ ቀይረው ሊሄዱ ስለማይችሉ ክፍሉ ቢጠብም፣ ቆረጣው ቢበዛም ዝም ይላሉ። ዘመድ «ላምጣው» የሚላችሁ ካለ ይህንን ሳይሰማ አይምጣ።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

«አቅማቸው የተሻለ በመሆኑ» የሚለው መስመር ከቃለ ጉባኤው ይሰረዝልን። ይህ ከገንዘቡ በፊት ነው።

መዋጮው ለሁሉም እኩል ወደ 20 ዶላር ይመለስ። ኮሚቴው አቅምን መሠረት ያደረገ መዋጮ ፍትሐዊ ነው ብሎ ካመነ እኛም አንቃወምም፤ ነገር ግን አቅም በደመወዝ ወረቀት ይለካ እንጂ በሚኖሩበት ሰፈር መልክ አይለካ፣ ሁላችንንም ይመልከት። የእኛን የአሥራ ዘጠኛችንን የደመወዝ ወረቀት ለገንዘብ ያዡ ለማሳየት ዝግጁ ነን። በካልጋሪ ሁለት ቤት አከራይተው በ20 ዶላር የሚያዋጡ አባላትም እንዲሁ ዝግጁ ይሆናሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ቅጣቱ በተራ ይተካ። ለእያንዳንዱ ለቅሶ ከእኛ ሁለት ተረኞች ይመጣሉ፤ ተራውን እኛ እናወጣለን፣ ተረኛ ሳይመጣ ቢቀር ቅጣቱን አብረን እንከፍላለን። ከአራቱ ስብሰባዎች ሁለቱ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ምሽት ይሁኑ፤ በስልክ መሳተፍም እንደ መገኘት ይቆጠር።

በእኛ አካባቢ ለሚደርስ ሐዘን የሚሆን 500 ዶላር ከመዋጯችን ላይ ተቀንሶ እዚሁ በእኛ እጅ ይቀመጥ፤ ደረሰኙን በየሦስት ወሩ እናቀርባለን። ካንሞር ውስጥ በሰዓት የሚከራይ አዳራሽ አግኝተናል። ዳግመኛ ማንም መኪና ማቆሚያ ላይ ቆሞ እንዲያለቅስ አንፈልግም።

ወደ ባንፍ ለሚሄዱ አዲስ መጪዎች በእድሩ በኩል የሚነገረው ይታረም። እኛ አንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅተናል፤ የማደሪያ ቆረጣው፣ ሰዓት የሚቀነስባቸው ወራትና ሥራ ሲቀር ቤቱ ምን እንደሚሆን ተጽፎበታል። በሚቀጥለው ስብሰባ ይነበብልን።

በመጨረሻም ሰብሳቢያችንና ሁለት የኮሚቴው አባላት በኅዳር ወር እንዲጎበኙን በትሕትና እንጠይቃለን። በሐምሌ እንዳትመጡ፤ በሐምሌ ከመጣችሁ እናንተም ፎቶግራፍ ተነሥታችሁ ትመለሳላችሁ። በኅዳር ስትመጡ ጊዜ አለን፣ ሰዓት ተቀንሶብን ቤት ነን። ቡና እናፈላለን። እንጀራ ግን ከካልጋሪ ይዛችሁ ብትመጡ ይሻላል።

መልስ እስክናገኝ ድረስ እንደ ቀድሞው 20 ዶላራችንን በየወሩ እንከፍላለን። የቀረውን 15 ዶላር እያንዳንዳችን በተለየ የባንክ ሒሳብ ውስጥ እያስቀመጥን ነው፤ ከሰኔ ወር ጀምሮ ያለው በዝርዝር ተመዝግቧል። ቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ጉዳዩን እንደገና አይቶ በድምፅ ከወሰነብን ገንዘቡን በዕለቱ ገቢ እናደርጋለን። የምንለምነው ጉባኤው ቅዳሜ እንዳይሆን ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

በባንፍ፣ በካንሞርና በሌክ ሉዊዝ የሚኖሩ የእድሩ አባላት ተጠሪ፣
የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለእድሩ ገንዘብ ያዥ
ለእድሩ ቁጥጥር ኮሚቴ